የማይበላ ወፍጮ

አሰላ ውስጥ የወጣልኝ ስም «የወባ ሐኪም» ነበር። ሐኪምነት አልተማርኩም፤ አሰላም ብትሆን ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርዷ ለሰው የማይራራ፣ ወባን በወሬ ብቻ የምታውቅ ከተማ ናት። ስሙን ያወጡልኝ የጋራዡ ባልደረቦቼ ናቸው። ሥራዬ ማሽን ተንቀጠቀጠ ሲባል ሄዶ መንቀጥቀጡን መለካት ስለነበር፣ መሣሪያዬን አንግቤ ስወጣ «ኪኒኑን እንዳትረሳ» እያሉ ይሸኙኛል። መጀመሪያ እናደድ ነበር። በኋላ ለምጄው ራሴም ሰው ቤት ስደርስ «በሽተኛው የት አለ?» እያልኩ መግባት ጀመርኩ።

ዘመኑ የንጉሡ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ጋራዡ ትራክተር፣ የስንዴ መውቂያ፣ የውኃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተር፣ ብቻ በናፍጣ የሚሠራ ነገር ሁሉ ይጠግናል። ፈረንጁ አለቃችን ከአገሩ ሁለት ዓይነት ዕቃ አስመጥቶ እኔን አሠለጠነኝ። አንደኛው በእጅ የሚያዝ፣ ጫፉን ማሽኑ ላይ ሲያስደግፉት መርፌው የሚወዛወዝ መለኪያ ነው። ሁለተኛው ከማሽኑ ጋር በብሎን ታስሮ እዚያው የሚኖር ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ማግኔት የያዛት ምላስ የምታህል ብረት አለች። ማሽኑ ከልክ በላይ ከተንቀጠቀጠ ማግኔቱ ብረቷን ይለቃታል፤ እሷ ስትወድቅ ከባትሪ የሚመጣው ኤሌክትሪክ የናፍጣውን መንገድ ይዘጋል፤ ሞተሩ ይጠፋል። እንደገና ለማስነሳት አንዲት ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። በቃ ይኼው ነው። ሰው ባይኖርም ሳጥኑ ነቅቶ ይጠብቃል ማለት ነው።

ይህን ሥራ እወደው ነበር። ሰው ስለ ማሽኑ ይዋሻል፤ «ትናንት ነው የጀመረው» ይልሃል፣ ዓመት ሙሉ ሲያንኳኳ የኖረውን። ማሽን ግን አይዋሽም። ኩሽኔታ ሲያልቅ፣ ብሎን ሲላላ፣ የሚዞር ነገር ሚዛኑን ሲስት፣ ከመጮሁም ከመጋሉም በፊት መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ያንን ቀድሞ መስማት መቻሌ ያኮራኝ ነበር። ዛሬም አውቶቡስ ስሳፈር እጄ ሳላዘው መስኮቱ ብረት ላይ ሄዶ ያርፋል፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ሐጂ የመጡት እኔን ፈልገው ነው። ሮቤ የወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ከሥልጢ አገር በወጣትነታቸው መጥተው በንግድ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። አባቴም ከዚያው አካባቢ መጥቶ አሰላ ሱቅ የከፈተ፣ እናቴ ደግሞ የአርሲ ልጅ ስለሆነች ወሬያችን ቶሎ ገጠመ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ ሳይነኩት ቀዘቀዘ። ጮሌ በኩል ወፍጮ የነበረው ታናሽ ወንድም እንደነበራቸው ነገሩኝ። አንድ ቀን የወፍጮው ድንጋይ እየዞረ ሳለ ፈንድቶ ላሜራውን ቀዶ ወጣና ወንድማቸውን እዚያው ገደለው። ድንጋዩ ከመፈንዳቱ በፊት ሲንቀጠቀጥ እንደነበር ኋላ ላይ ብዙ ሰው መሰከረ። ማንም ግን ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ወንድማቸውም እህል የበዛበት መስሎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐጂ ወፍጮአቸው ሲሠራ ቀኑን ሙሉ መዳፋቸውን ሽፋኑ ላይ አድርገው ይቆማሉ። ሰው ያወራቸዋል፣ ይነግዳሉ፣ ይቆጣሉ፤ መዳፋቸው ግን ከዚያ አይነሳም። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ዱቄት በቆዳው መስመር ሁሉ ገብቶ ነጭ ሆኗል።

«ስሰግድ ግን እጄን ወደ ፈጣሪ እዘረጋለሁ» አሉኝ። «ያን ጊዜ ወፍጮው ላይ የማደርገው እጅ የለኝም። ይህ ሳጥን የሰላት ጊዜዬን ይጠብቅልኝ።»

ፈረንጁ ሳጥኑ ለጄኔሬተር ነው የተሠራው ብሎ ትንሽ አንገራገረ። የወንድማቸውን ነገር ስተረጉምለት ሳጥኑን ከመደርደሪያ አውርዶ ውሰድላቸው አለኝ።

ሮቤ የደረስኩት በጂፕ፣ መንገዱ በጭቃ ተይዞ፣ ግማሹን እየነዳሁ ግማሹን እየገፋሁ ነው። ወፍጮ ቤቱ ገበያው ጫፍ ላይ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ውጭ አህዮች፣ ውስጥ ሴቶች፣ ሁሉም ነጭ ሽፋሽፍት። የሐጂ ባለቤት ፊቴን ሳልታጠብ ምሳ አቀረቡልኝ፤ እኔ ግን ሆዴ እየጮኸ መጀመሪያ መለኪያዬን አወጣሁ። ወፍጮው ጤነኛ ነበር። ሐጂ ድንጋዩን ራሳቸው ይወቅሩታል፣ ብሎኑን ራሳቸው ያጠብቁታል፤ እንደ ልጅ የያዙት ማሽን ነው።

በዚያ አገር «የማይበላ ወፍጮ» ሲባል የሐጂ ወፍጮ ማለት እንደሆነ እዚያው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ወፍጮ ይበላል። የትኛውም ወፍጮ ይበላል። በድንጋዩና በሽፋኑ መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ዱቄት ይቀራል፤ ያንተ ቀርቶ የቀጣዩ ሰው ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ወይም ማታ ባለቤቱ ጠርጎ ለራሱ ያደርገዋል። ከሩቅ ቀበሌ እህሏን በአህያ ጭና የመጣች ሴት ይህን በደንብ ታውቃለች። ስለዚህ የእሷ ተራ ሲያልቅ ዱላ ታነሳና ሽፋኑን ትመታለች፤ የቀረው ተራግፎ እስኪወርድላት። ሌሎች ባለወፍጮዎች «ላሜራዬን አጎደጎዳችሁት» ብለው ይከለክላሉ። ሐጂ ግን የወይራ ዱላ በገመድ አስረው ከወፍጮው ጎን ሰቅለው ነበር። «ምቱት፤ የእናንተ ነው፤ እኔ የሰው ዱቄት በሆዴ ይዤ መሞት አልፈልግም» ይላሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ከአርቦዬ መንገድ የሚመጣው ሳይቀር ሌላውን ወፍጮ እያለፈ እሳቸው ጋ የሚወርደው ለዚያች ዱላ ሲል ነው። እኔ ዱላዋን ሳያት ፍየል ማባረሪያ መስላኝ ነበር።

ሳጥኑን ኩሽኔታው ላይ አሰርኩት። ገመዱን ዘረጋሁ፣ ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አያያዝኩ፣ ልኩን በካቻቢቴ ከወፍጮው የዘወትር ንዝረት ትንሽ ከፍ አድርጌ አስተካከልኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ሳጥኑ ዝም አለ። ሐጂ መዳፋቸውን ከሽፋኑ ላይ አነሱና ወደ ኋላ ሸሹ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቶባቸው ሲያገላብጡት አየሁ። ባለቤታቸው ከበር ላይ ሆነው «ዛሬ ነጻ ወጣ» ብለው ሳቁ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት፤ እውነቴን ነው፣ በዚያ ሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ደስታው የመጀመሪያዋ ሴት ተራዋ እስኪያልቅ ቆየ። ስንዴዋ አለቀ፣ ዱላዋን አነሳች፣ መታች፤ ሞተሩ ጠፋ። ቤቱ ውስጥ ጆሮ ላይ ትራስ የተጫነ ያህል ፀጥታ ሆነ። ቁልፉን ጫንኩ፣ አስነሳን። ሁለተኛዋ መታች፤ ጠፋ። ሦስተኛዋ ገና ዱላውን ስታነሳ ሁላችንም ገባን።

ቀጣዮቹን ቀናት እዚያው ሮቤ አድሬ ታገልኩ። ልኩን ላላ አደረግሁት፤ ዱላውን እስኪታገሥ ድረስ ሳላላው ግን የሚሰነጠቅ ድንጋይም ቢሆን የማይቀሰቅሰው ጌጥ ሆነ። ሳጥኑን ወደ ሩቁ ኩሽኔታ አዛወርኩት። ከሥሩ ጎማ አደረግሁለት። የዱቄቱን መውጫ ከሽፋኑ ለይቼ በሸራ አገናኘሁትና «መውጫውን ብቻ ምቱ» አልኳቸው። እነሱ ግን ዱቄቱ የሚቀረው ሽፋኑ ውስጥ መሆኑን ያውቃሉና ሽፋኑን ነው የሚመቱት። ምን ብዬ ልቆጣ? ልክ ናቸው። በመጨረሻ ለሐጂ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ዱላውና ሳጥኑ አንድ ቤት አይኖሩም፣ አንዱን ይምረጡ አልኳቸው።

ሐጂ ተነስተው ሰግደው መጡ። ዱላውን ከገመዱ ፈቱና ለባለቤታቸው ሰጡ። «ዱቄት ቢቀር ሰው ይተርፋል» አሉ።

ሰው ደግሞ ምን አለ? «ሐጂ ዱላውን ደበቁት» አለ። ሌላ ምንም አልሰማም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤ በጋ ከክረምት ታግሎ ያመረተውን እህል ሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ትቶ የሚሄድ ገበሬ የለም። ሐጂ ሳጥኑን አሳዩ፣ አስረዱ። በኦሮምኛም በአማርኛም እየዞርኩ እኔም አስረዳሁ፤ «ኒ ሆለታ፣ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ሳጥኑ ያጠፋዋል» እያልኩ። ይሰሙኛል፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ባዶውን ገመድ ያያሉ።

ነገሩን እንዲህ አንጠልጥዬ ወደ አሰላ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ለመፈተሽ፣ ባትሪ ለመቀየር በየጊዜው ስሄድ የሆነውን ሁሉ ደረጃ በደረጃ ነው ያየሁት። መጀመሪያ ሐጂ ሞተሩን እያጠፉ፣ ሽፋኑን እየከፈቱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የቀረውን በብሩሽ ጠርገው መስጠት ጀመሩ። ሰልፉ እስከ መንገድ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ መድረስ ያለባት ሴት ይህን አትታገሥም። ሐጂም ጠረጋውን ተዉት። ቀጥሎ ከራሳቸው ስንዴ አስፈጭተው አንድ ጆንያ ዱቄት ከወፍጮው አጠገብ አቆሙ። እያንዳንዱ ደንበኛ ሲጨርስ ከራሳቸው ጆንያ በጣሳ እየዘገኑ ይጨምሩለታል። «ከቀረብህ ይኸው» ለማለት ነው። ደግነት ነው። እኔ በቦታቸው ብሆን አላስበውም ነበር።

ያን ያደረጉ ሰሞን እዚያ ነበርኩ። ከአንድ ገጠር የሚመጡ ሴቶችን አህዮቻቸውን አሰልፋ የምትመራ፣ አንደበቷ የተሳለ፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ሴት ነበረች። ተራ የምታስይዘው እሷ፣ ቀልድ የምታስጀምረው እሷ፤ እሷ ገባች ማለት መንደሩ ገባ ማለት ነው፣ እሷ ቀረች ማለትም እንደዚያው። ሐጂ ጣሳውን ሞልተው ወደ ስልቻዋ ሲዘረጉ እጇን በስልቻው አፍ ላይ ከደነች።

«ሐጂ፣ ወፍጮው ካልበላ ለምን ይክሱኛል?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «በእኛ አገር ጉማ የሚከፍል የገደለ ነው።»

ጉማ የደም ካሳ ነው። አርሲ ውስጥ ሰው ገድለህ ሽማግሌ ተቀምጦ ስትታረቅ የምትከፍለው። ንጹሕ ሰው ካሳ አይሰጥም፤ ከሰጠ አመነ ማለት ነው። ሐጂ ይህን አገር እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል፤ ስንት ጉማ ሲታረቅ ተቀምጠዋል። ግን ደግነታቸው ቀድሟቸው፣ በገዛ እጃቸው በጣሳ እየሰፈሩ ጥፋተኛ ነኝ ሲሉ ሰነበቱ። ጣሳውን መልሰው ጆንያቸው ውስጥ ገለበጡት። እኔ ለመናገር አፌን ስከፍት በዓይናቸው ከለከሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰው መቅረት ጀመረ። ማንም ተሳድቦ አልሄደም። በመንገድ ሲያገኟቸው እንደ ወትሮው ያከብሯቸዋል፣ ለለቅሶም ለሠርግም ይጠሯቸዋል፣ የልጅ ስም እንኳ ያስወጧቸዋል። እህላቸውን ብቻ ሌላ ቦታ ይወስዳሉ። በከተማዋ በሌላኛው ጫፍ አዲስ ወፍጮ ተከፍቶ ነበር፤ ባለቤቱ ብልጥ ነውና ሥራ ሲጀምር ክንድ የሚያህል ዱላ በር ላይ ሰቀለ። ያንን ወፍጮ ቺንጋው ሲበጠስ እኔው ነበርኩ የማድስለት። መለኪያዬን ባስደገፍኩበት ቁጥር መርፌው ሄዶ መጨረሻው ላይ ይጋጫል። ሽፋኑና ድንጋዩ ተራርቀው፣ የሚበላው ዱቄት ዶሮ ያረባል። ሳጥን ልሰርልህ ስለው ዱላውን አሳየኝና ሳቀ።

የሐጂ ወፍጮ ግን በአርሲ ምድር ከለካኋቸው ማሽኖች ሁሉ ጤነኛው ሆነ። የማይሠራ ነገር ምን ያደክመዋል? ፈረንጁ የልኬቱን ውጤት ሲያይ ደስ ብሎት ትከሻዬን መታ። ምን ልበለው? ወፍጮው ዳነ፣ ባለቤቱ ታመመ ልበለው? በእንግሊዝኛ ጀመርኩና ተውኩት።

አንዴ ሳጥኑን ላውልቀው ብዬ ሐጂን ለመንኳቸው። ዱላውን መልሰው ይስቀሉ፣ መዳፍዎን እንደ ድሮው ያድርጉበት፣ ሰው ይመለሳል አልኳቸው። አላሰቡበትም እንኳ። ወንድሜ የሞተበትን ነገር እያወቅሁ ለገበያ ብዬ ሰው አጠገቡ አላቆምም አሉ። ስማቸው እንደሚመለስ ግን አልተጠራጠሩም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ ደጋግመው። እኔም አምኛቸው ነበር። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ተረት ሲነገር አምናለሁ።

እውነት ሊጠራ የመጣ የመሰለን ቀን ለፍተሻ ሄጄ ነበር። ያ የወዲያኛው ወፍጮ ሞተሩ ተበላሽቶ ቆሞ ስለነበር የእሱ ደንበኞች ሁሉ ሳይወዱ ወደ ሐጂ መጡ። ቤቱ እንደ ድሮው ሞላ። ሐጂ ንጹሕ ኮፍያ አድርገው፣ ሰውን በስሙ እየጠሩ፣ እንደ ሙሽራ አባት ይንጎራደዳሉ። ያቺ ባለ አህያዋ ሴትም ነበረች። በቅቤ ለሚታሽ ጩኮ የተቆላ ገብስ ይዛ መጥታ፣ ስልቻዋን በዱቄቱ መውጫ ሥር ይዛ፣ በወፍጮው ልክ ፊት ለፊት ጎንበስ ብላለች።

ሞተሩ ጠፋ።

«ይኸው ጀመረው» አለች ባለ አህያዋ፣ ቀና ሳትል። ሰው ሳቀ። እኔ ቁልፉን ልጫን እጄን ስሰድ ሐጂ ክንዴን ያዙኝ። «ቆይ» አሉኝ፤ «ማንም እኮ አልመታም።» መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና እጄን ከቁልፉ መለስኩ።

የሽፋኑን ዳዶ ፈታን። ድንጋዩ ከመሐል ቀዳዳው እስከ ጠርዙ ድረስ ተሰንጥቋል። ላይ ላዩን አይደለም፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ጥቂት ቢዞር ኖሮ ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል፤ ሲወጣ የሚያገኘው ደግሞ በመውጫው ፊት ጎንበስ ያለውን ሰው ነው። እሷን ነው። ስልቻዋን እንደያዘች ቆማ ታየናለች።

ሐጂ መሬት ላይ ተቀመጡ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ እንባቸው ዱቄት ባለበት ጉንጫቸው ላይ መንገድ እየሠራ። ለወንድማቸው ያላለቀሱትን ያን ቀን ያለቀሱ መሰለኝ። ከዚያ ብድግ አሉና ሰዉን ሁሉ ጠሩ። ኑ እዩ አሉ፤ እዩ፣ ሳጥኑ ለምን እንደቆመ እዩ፣ ዱላውን ለምን እንዳነሳሁ እዩ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ እሳቸው ግን ስማቸውን በቁማቸው መልሰው ያገኙ መስሏቸዋል። እኔም መስሎኛል። በሁለቱም ቋንቋ ድንጋዩ እንዴት እንደሚፈነዳ፣ የት እንደሚወጣ፣ ማንን እንደሚመታ፣ ሳጥኑ እንዴት ቀድሞ እንደሰማ ተንትኜ አስረዳሁ። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም።

ባለ አህያዋ ሴት ስልቻዋን አስቀምጣ ቀረበች። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አየች። ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች። ስንጥቁ ባዶ አልነበረም፤ እየዞረ እየዞረ ዱቄት ጠቅጥቆበት፣ እንደ ኖራ የደረቀ ነጭ ነገር ሞልቶታል። ጣቷን አውጥታ አሻሸችና ለሌሎቹ አሳየች።

«ይኸው ዱቄታችን» አለች።

በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የጠፋባትን ነገር ፈልጋ ፈልጋ እንዳገኘች ሴት፣ ቀስ ብላ፣ እንዲያውም ሐጂን ነጻ እንዳወጣች ዓይነት ነበር የተናገረችው፤ ሰውየው ሳይሆኑ ድንጋዩ ነው የበላው ለማለት። ሌሎቹ በተራ እየመጡ ጣታቸውን ከተቱ። ሁሉም ነጩን ነገር አየ። ከዚያ በኋላ ሐጂም ሆኑ እኔ፣ ሞተሩም ሆነ ሳጥኑ ምን ብንል የሚሰማን አልነበረም። ወፍጮው ይበላ ነበር፤ በጣታቸው ነክተውታል።

ሰው የቀረውን እህሉን ጭኖ ሲወጣ ሐጂ የዳዶ መፍቻውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ነበር። ሁሉም እየተሰናበታቸው ነው የወጣው፣ አንዱም ክፉ ቃል አልወጣውም። ቤቱ ባዶ ሲሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ወንድሜን ድንጋይ ገደለው» አሉኝ። «እኔን ግን ዱቄት።»

አዲስ ድንጋይ ልናመጣ እንችላለን አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳጥኑን ፍታው አሉኝ፤ ለዚያኛው ወፍጮ ውሰድለት፤ ሰው ያለው እዚያ ነው። በእሳቸው ፊት እንቢ ማለት አልቻልኩም። ፈትቼ ወሰድኩ። ያኛው ባለወፍጮ ከበሩ መለሰኝ፤ ሳጥኑን አልጠላም፣ ዱላዬን ግን አላወርድም አለኝ፤ በሐጂ የሆነውን አይቷላ። ሳጥኑ አሰላ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ወፍጮ ቤቱን ዘግተው ጥቂት ጊዜ ጨውና ሳሙና ሸጡ፤ ከዚያ ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ሥልጢ አገር፣ ወደ ዘመዶቻቸው ተመለሱ። ያን ያህል ዘመን የኖሩበትን አገር ለቀው ሲሄዱ ሮቤ በሙሉ ወጥቶ ሸኛቸው አሉ። አምናለሁ። ይወዷቸው ነበር።

ብዙ ሰው ሲቆጭ በጥፋቱ ይቆጫል። እኔን የሚቆጨኝ ማንም አለማጥፋቱ ነው። ሐጂ ነፍስ ሊያድኑ ዱላ አነሱ፤ ሴቶቹ የልጆቻቸውን እንጀራ ጠበቁ፤ ሳጥኑም የተፈጠረበትን ሠራ። አጥፊ ቢኖር እሱን ረግሜ ይወጣልኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የምረግመው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

አሰላን ልለቅ ስሰናዳ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ንጉሡ መውረድ በሚያወራበት ሰሞን፣ ለመጨረሻ ሥራ ሮቤ ሄጄ ገበያው ውስጥ ባለ አህያዋን አገኘኋት። ቀድማ ያወቀችኝ እሷ ናት። «ኦቦሌሳ፣ የሳጥኑ ሰው» ብላ እጄን ሳመች፤ ኦቦሌሳ ወንድሜ ማለት ነው። ቤተሰቤን ጠየቀች፣ እኔም ጠየቅኋት። ልጆች ወልዳለች፣ አህዮቿም በዝተዋል። ሐጂ እንዴት ናቸው አለችኝ። ወሬ የለኝም አልኳት።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለች። «ወፍጮአቸው ይበላ ነበር እንጂ።»

አንቺስ ደህና ነሽ ወይ አልኳት። በደስታ ሳቀችና እኔማ ደህና ነኝ፣ አላህ ዕድሜ ሰጥቶኛል አለችኝ። በማን እጅ እንደሰጣት ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጎረቤቶቿ ከኋላ ጠሯት፣ ከወዲያኛው ወፍጮ ተራቸው ደርሶ ነበር፤ መርቃኝ አህዮቿን እየነዳች ሄደች።